ከውርጭ ማን ይቀነስ?

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ቅዱስ መጽሐፉም ቢሆን ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያችው ያለችው እንኳ ትወሰድበታለች ይላል። ይህን ለመረዳት ብዙ ስብከት አላስፈለገንም፤ በዓይናችን ያየነው ነው። እንግዲህ እንዲህ ተኮትኩቶ ያደገ ሰው አሜሪካ መጥቶ ድራፍት የሚባለውን ነገር ሲሰማ ምን ይበል? የሚጠጣውን ማለቴ አይደለም። በስፖርት ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ፣ የሁሉም ጭራ የሆነ ቡድን፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ተጫዋቾች ሲከፋፈሉ የመጀመሪያውን ምርጫ ይሰጡታል። ተሸንፈሃልና ና፣ ከሁሉ ቀድመህ አንሣ! እኔ ከአርባ ሁለት ተማሪ አርባ ሁለተኛ በወጣሁ ጊዜ አባቴ ያቀረበልኝ ምርጫ በቀበቶና በአርጩሜ መካከል ነበር።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ስለ ቡድናችን ላጫውታችሁ ነው። ቡድናችን "ውርጭ" ይባላል። የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። አትሳቁ። ሲያትል ውስጥ ያለን አበሾች ታክሲ ከመንዳትና ኮምፒዩተር ላይ ከማፍጠጥ ሌላ ሙያ የሌለን የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ መውደቅም እንችላለን። የጀመርነው በልጆቻችን ሰበብ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በረዶ ላይ መንሸራተት ሲማሩ እኛ አባቶች ከመስታወቱ ወዲህ ቆመን እንንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ሬድመንድ ሶፍትዌር የሚሠራው ዮናስ፣ "እንግዲህ መንቀጥቀጣችን ካልቀረ ገብተን ለምን አንንቀጠቀጥም?" አለ። ገባን። ልጆቹ በሁለተኛው ወር ተሰላችተው ወደ ቅርጫት ኳስ ሄዱ። አባቶች እዚያው ቀረን፤ ዮናስም አምበላችን ሆነ።

ለማታውቁት፣ ሆኪ ማለት ገና ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ የጫማው ሶል ስለት፣ ሩሯ ደግሞ ከጎማ የተሠራች፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር መሆኗ ነው። ፓክ ይሏታል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ያሉት አባቶቻችን ይህንኛውን ቢያዩ ኖሮ ጌታ የመቆጣት ፋታም አያገኝም ባሉ ነበር፤ ጌታም ሎሌም እኩል ነው የሚዘረረው። አምና ከስምንት ቡድን ስምንተኛ ወጣን። አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፈናል፤ እሱም ተጋጣሚያችን መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ያልመጣ ዕለት ነው።

ጭራ በመሆናችን የመጀመሪያው ምርጫ የእኛ ሆነ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በማኅበሩ ደንብ አንድ ቡድን ከአሥራ አምስት ሰው በላይ መያዝ አይችልም፤ እኛ ደግሞ ልክ አሥራ አምስት ነን። ስለዚህ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ማን ይግባ የሚለው ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ማን ይውጣ የሚለውን ግን በእኛ ሰው መካከል በግልጽ የሚጠይቅ ጀግና ገና አልተወለደም።

"ምናሴ ያጥናው" ተባለ። ምናሴ እኔ ነኝ። ኤቨረት የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሌላው የሠራውን እያገላበጡ ጉድለት መፈለግ እንጀራዬ ነው። ባለቤቴ ሰናይት "እንጀራህ ብቻ ሆኖ በቀረ" ትላለች።

ወፍራም ደብተር ገዛሁና አዲሶቹ ዕጩዎች በሚፈተኑበት ቀን ሄጄ ከዳር ተቀመጥኩ። አሯሯጣቸውን፣ አቋማቸውን፣ ዱላ አያያዛቸውን ጻፍኩ። ይህን ሁሉም ቡድን ያደርገዋል። እኔ ግን ሰው በእግሩ ብቻ አይመዘንም ብዬ አንድ በአንድ እያስቆምኩ ጠየቅኋቸው። አንዱን ወጣት ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳለው፣ ከማን ጋር እንዳደገ ስጠይቀው የሕይወት መድን ልሸጥለት የመጣሁ መስሎት "አለኝ" ብሎ አመለጠ። ከሁሉም የበለጠችው ኤሪካ የምትባል አናጢ ነበረች። ሚኒሶታ ነው ያደገችው። መሬት ላይ ከመቆሟ በፊት በረዶ ላይ የቆመች ነው የምትመስለው። ለእናቷም በየቀኑ ትደውልላታለች። ስለ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ገጽ ጉድለት የጻፍኩ ሰውዬ፣ በእሷ ገጽ ላይ ስሟን ብቻ ጽፌ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

ቀጥሎ ወደ ገዛ ቡድናችን ዞርኩ። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባል የለ? እኔ ለአሥራ አራት ሰው አሥራ አራት ጊዜ ለካሁ። ዮናስ፦ ፈጣን ነው፣ መቆም ግን አይችልም፣ የሚያቆመው ግድግዳው ነው። ሳምሶን፣ ግብ ጠባቂያችን፦ ፓክ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሲጠየቅ ጸሎት ነው ይላል። እንዲህ እያልኩ ስወርድ ስወርድ ጋሽ መርሻ ላይ ደረስኩ።

ጋሽ መርሻ ሥልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን ተከላካያችን ናቸው። ተከላካይ ስል ግን ይቆማሉ ማለቴ ነው። ዘመናቸውን ሁሉ ከፌርማታ ፌርማታ ሲሮጡ ኖረው በስተእርጅናቸው ራሳቸው ፌርማታ ሆነዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ልጆቻቸው ሌላ ክፍለ ሀገር ናቸው። ያላቸው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሁላችንንም ቀድመው መጥተው የሁላችንንም ጫማ ክር ሲያጠባብቁ ይውላሉ፤ ጎንበስ ማለት የሚችሉት ግን እሳቸው ብቻ ሆነው አይደለም። ቅዳሜን ከእሳቸው ላይ መንጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው፣ እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ግን ደብተሩ እሳቸውን አለ። ሰናይት ደብተሩን ተቀብላኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠችውና "አለቀ?" አለችኝ። "አለቀ" አልኳት። ስሞቹን በጣቷ ቆጥራ መለሰችልኝ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ከበረዶው ሜዳ በላይ ባለች ጠባብ ካፌ ውስጥ ስምንት ቡድኖች ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ሰብሳቢው "ውርጭ፣ የመጀመሪያው ምርጫ የእናንተ ነው" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ። ኤሪካ የሚለው ስም ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ፤ ማዕድ ቀርቦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቁን ሥጋ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? እናቴ በዚህ ጉዳይ ላይ የቆነጠጠችኝ ቦታ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል። አፌ ከእኔ ሳይማከር "ፕሊስ፣ እናንተ ቅደሙ" አለ።

እኔ የጠበቅሁት "ኧረ አይሆንም!" የሚል ነበር። ከዚያ እኔ "በሞቴ!" እላለሁ፣ እነሱ "ኧረ በፍጹም!" ይላሉ፣ በሦስተኛው እየተግደረደርኩ እወስዳለሁ። ለካ አሜሪካዊ አንድ ጊዜ ከጋበዙት ይበላል። ሰብሳቢው "ኦኬ" ብሎ ወደሚቀጥለው ዞረ።

ዮናስ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ሲመዘልገኝ የወጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

የሚቀጥለው ተረኛ የቤልቪው ቡድን አምበል፣ የጥርስ ሐኪም ነው። ሰውዬው ወዲያው አልመረጠም። መጀመሪያ እኔን አየ። ከዚያ ወፍራሙን ደብተሬን አየ። በፈተናው ቀን ዕጩዎቹን እያስቆምኩ ስለ እናት አባታቸው ስጠይቅ ተመልክቶኝ ኖሯል። "ይህን ያህል ያጠና ሰው ኤሪካን ካልነካት አንድ ያወቀው ነገር አለ" ብሎ ማሰቡ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ሌላ ሰው መረጠ። ቀጣዩ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ካለፋት አንድ ነገር አለ ብሎ አለፋት። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንዷ ምስኪን አናጢ ሰባት ቡድን ዞራ እኛ ዘንድ ደረሰች። "ኤሪካ" አልኩ። ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ያን ቀን በሲያትልና በአካባቢዋ ካሉ ብልጦች ሁሉ አንደኛ ተባልኩ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

አሁን የቀረው ጋሽ መርሻን መንገር ነው። ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ ብዬ አንድ ካርቶን ብርቱካን ገዛሁ። ሰናይት "ምነው፣ ታመዋል እንዴ?" አለችኝ። "ገና ናቸው" አልኳት።

ጋሽ መርሻ በሩን ሲከፍቱ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር። ከበሩ ሥር በፌስታል የታሰረ ሙዝ ተቀምጧል።

"ሊወጡ ነበር?" አልኳቸው።

"ወደ አንተ ልመጣ ነበር። ግባ፣ ግባ ልጄ።"

ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ እንደገና ስለ ዝናቡ አወራን። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ጋሽ መርሻ፣ ስለ ቡድኑ ጉዳይ ነበር የመጣሁት" አልኩ።

"ተመስገን!" አሉና ካፖርታቸውን አወለቁ። "እኔም ለእሱው ነበር። የቡድናችን ልጆች ልከውኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጫማዬን አደርግና በሩ ጋ ስደርስ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ለካ አንተው ገብቶህ ኖሯል።"

"ምን በሉት ብለው ነው የላኩዎት?"

"ይረፍ በሉት ብለው።"

"ማን?"

የሙዙን ፌስታል ከበሩ ሥር አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዳንድ ሙዝ ጣቱን ይቀስራል።

"እኔ? እኔ ምን አድርጌ?"

"ልጄ፣ ፓኳ እግርህ ሥር መጥታ አንተ ዮናስን 'ጉልበትህን እጠፍ' ትላለህ። ሳምሶንን 'ዓይንህን ግለጥ' ለማለት ወደ ኋላ ስትዞር ሰዎቹ በፊት ለፊትህ ያልፋሉ። አምና ከገቡብን ግቦች ስንቱ አንተ እኛን ስታርም የገቡ መሰሉህ?"

"ስህተታቸውን ነው እኮ የምነግራቸው!"

"እሱንማ ማን ካደ? ትክክል ነህ። ትክክል መሆንህ ነው የከበዳቸው።"

"ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?"

ጋሽ መርሻ አንድ ብርቱካን አንሥተው በእጃቸው አገላበጡት። "አዘኑልህ። ምስኪን፣ ቅዳሜን ከወሰድንበት ሌላ ምን አለው፣ አሉ።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህችኛዋ አንጀቴን ቆረጠችው። እኔ እኮ ለእሳቸው አዝኜ ሁለት ቀን ያልበላሁ ሰው ነኝ።

"ስንቶቹ ናቸው እንዲህ ያሉት?"

"አሥራ ሦስቱ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ መልእክተኛ ድምፅ የለውም ተባልኩ።"

"ድምፅ ቢኖርዎትስ?"

"ብርቱካኑን ልላጥልህ?" አሉኝ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልነግራቸው ወጣሁ። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም፤ ያን ሁሉ ብርቱካን በደግነቴ ያመጣሁላቸው ይመስላቸዋል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። አሥራ አራት ስም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ በሌሎች ላይ ተርቼዋለሁ መሰላችሁ? በነጋታው ለዮናስ ቴክስት አደረግኩለት፤ "ከረጅም ማሰላሰል በኋላ ቦታዬን ለኤሪካ ለመልቀቅ ወስኛለሁ" አልኩ። መልሱ ደቂቃ አልፈጀም። "ውሳኔህን እናከብራለን" ይላል። ትንሽ እንኳ አስብበት ማለት ማንን ገደለ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ላድርግ? ሄጄ ከመስታወቱ ወዲህ እቆማለሁ። መስታወቱ ወፍራም ነው፣ ብጮህም አይሰማም። ኤሪካ ትበራለች። ጋሽ መርሻ ይቆማሉ፤ ደግሞ እኮ ፓኳ ራሷ እየመጣች ነው የምትመታቸው! ይህን በደብተሬ አልጻፍኩትም ነበር። ውርጭ ካለፉት አምስት ጨዋታዎች ሦስቱን አሸነፈ፤ ሦስቱም ጊዜ ተጋጣሚው መጥቶ ነበር። ደስ ብሎኛል። በጣም ባይሆንም ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። የጥርስ ሐኪሙ ነው። ያንን የምርጫውን ቀን አልረሳውም፤ ነጻ መሆንህን ሰማሁ፣ እባክህ ለእኛ ቡድን ገምጋሚ ሁንልን አለኝ። በአንድ ልመና እሺ አልኩ፤ እኔም አሜሪካ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ቅዳሜ የሚገጥማቸውን ቡድን ጉድለት አጥንቶ መጻፍ ነው። የሚገጥሙት ውርጭን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሰት መጻፍ አልችልም፣ በሙያዬ አልቀልድም። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ "አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ በቅርቡ አስወግደውታል።"