ሐይቁ የትም አልሄደም

ቤቱ እየተቃጠለ «ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚል ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። የእኛ ሰው ደግሞ ጀልባ አለው። እኔ ሐይቁ ዳር ባለው ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ እሱ እንግዶቼን በውሃው ላይ የሚያንሸራሽር ክቡር ካፒቴን ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንለዋለን። ዞር ሲል ግን ስሙ «ጋሽ የትም አልሄደም» ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ሥራ ስጀምር፣ እንግዳ ከሎጁ ደረጃ ወርዶ አሥር እርምጃ ሳይሞላ ጀልባ ላይ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሸሸ ቁጥር ካፒቴን መዶሻውን ይዞ የእንጨት መተላለፊያውን ይቀጥላል። ዘንድሮ መቶ ሠላሳ እርምጃ ደርሷል። አንድ ደንዳና እንግዳ መሃል ላይ ቆሞ እያለከለከ «ሐይቁ ሸሽቷል እንዴ?» ቢለው፣ ካፒቴን ዓይኑን በጨው አጥቦ «የትም አልሄደም! ያስረዘምነው ለመንሸራሸሪያ ነው» አለው። አሁን መሃሉ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለታል። ለፎቶ ነው ይላል።

አምና አንዲት የአየር ንብረት ባለሙያ መጥታ የሎጁንም የጀልባውንም ሰዎች ሁሉ ሰበሰበችን። ዝናቡ እንደቀነሰ፣ ሙቀቱ እንደጨመረ በሥዕል ጭምር አስረዳች። ካፒቴን እጁን አወጣ።

«እህቴ፣ አባቴም ይሞቀው ነበር።»

«በዓመት ስንት ቀን ነበር የሚሞቃቸው?»

«ላቡን ሲጠርግ እንጂ ቀን ሲቆጥር አላየሁትም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያዋም ሳቀች። እሱ ግን እንደ ድል ቆጥሮት ለአንድ ሳምንት ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

እኔ አልሳቅሁም። ብዙ እንግዳ የሚልክልን አስጎብኚ ድርጅት «በመጪው በጋ ጀልባችሁ መንሳፈፍ ካልቻለ ሐይቃችሁን ከፕሮግራማችን እናወጣለን» ብሎ ጽፎልን ነበር። ይህ ማለት ጀልባው ይቆማል፣ ሎጁም ይዘጋል ማለት ነው። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «መልስ ጻፊላቸው፤ ሐይቁ የትም አልሄደም በያቸው» ብሎኝ ሞተሩን ሊወለውል ሄደ። እንደዚያን ቀን ተናድጄበት አላውቅም።

ባለፈው ወር አንዲት አዛውንት እንግዳ ከቦርሳቸው አሮጌ ፎቶ አወጡ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ለጫጉላ ሽርሽር የመጡ ጊዜ ያነሱት ነው። ፎቶው ላይ ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ካፒቴን፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ደርሶ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተደግፎ ይስቃል።

«እስቲ እዚያው ድንጋይ ጋ ላንሳህ» አሉት።

ሦስታችን ሄድን። ድንጋዩ ያለው የሎጁን አንሶላ የምናሰጣበት ገመድ አጠገብ ነው። ካፒቴን ተደገፈው። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ውሃውን በዓይኑ ፈለገ።

«ይሄን ድንጋይ ማነው እዚህ ያመጣው?» አለ።

ማናችንም አልሳቅንም። ሴትዮዋ ካሜራውን ወደ ቦርሳቸው መለሱና ፎቶውን እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ሦስት ቀን ከሥራ ቀረ። ታሞ ይሆናል ብዬ ቤቱ ልጠይቀው ስሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሐይቁን የሚመግበው ጅረት ደለል ሞልቶት ከተዘጋ ቆይቷል። እዚያ ውስጥ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ውጦት፣ በአካፋ ይዝቃል። ባለሙያዋ አምና በሰበሰበችን ቀን «ዝናብ ማዘዝ አንችልም፤ ይህን ጅረት ግን መክፈት እንችላለን» ብላ ስትለምነን የሰማት ያለ አልመሰለኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ስፖርት ነው። ሐኪም አዞልኝ ነው፤ ለወገቤ።»

ለወገብ ሕመም አካፋ የሚያዝ ሐኪም ሰምቼ አላውቅም። «ታዲያ ሐይቁ መሸሹን አመኑ?» ልለው ምላሴን በላኝ። ግን መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። ከጀርባው አርባ እርምጃ ያህል ንጹሕ ቦይ ተከፍቷል፤ በቦዩ ውስጥ ቀጭን ውሃ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህን ግትር ሰውዬ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት ያኔ ነው። ሮጬ የአትክልተኛችንን አካፋ ይዤ ተመለስኩ፤ አትክልተኛውም አካፋውን ተከትሎ መጣ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ካፒቴን።

«ወገቤን ነው፣ ጋሼ።»

አንድ ሁለት ጊዜ ስዝቅ አየኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና፣

«እንዲያ ጎብጠሽ አትዛቂ» አለኝ፣ «ወገብሽን ያምሻል።»