ለጋሽ ደምሴ ሆድ የተላከ ሽማግሌ

እኔ የምለው፣ የልጅ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲባል መልሱ ባንድ ቃል ሲያልቅ እንዴት ደስ ይላል! የጎረቤቴ ነርስ ናት፤ አለቀ። የሌላዋ ፕሌኖ ከተማ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ አለቀ። የእኔዋ ሊያስ? ሊያ አንጀት ታረባለች። ይኸው፣ እናንተም ፊታችሁ ተቀየረ። የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይም እንዲሁ ነው የሚሆኑብኝ።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲዋ ወስዳ አሳየችኝ። ፊደል ባልቆጥርም ዓይኔ ደህና ነው። የመስታወት ማሰሮዎች በጎማ ተያይዘው ተደርድረዋል። ይሄ ጨጓራ፣ ይሄ ቀጭኑ አንጀት፣ ይሄ ወፍራሙ አለችኝ። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል፣ በሰዓቱ ይበላል። ውስጡ ደግሞ ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ፍጥረቶች አሉበት። ንጹሕ አየር ከገባባቸው ብዙዎቹ ይሞታሉ አሉ። እኔ ጀርም ሁሉ ጠላት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ያለ እነዚህ ሆድ ሥራውን በወጉ አይሠራም። ዘሩ የሚመጣው ከየት ነው? ከሰው ዓይነ ምድር ነዋ። መስታወቱ የሚያወጣውን አየር ሳይቀር ትለካለች። እስቲ ፍረዱ፤ አያት ስትፈሳ ነውር፣ መስታወት ሲፈሳ ዲግሪ።

ሌላ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ ጀርም ነክቷቸው የማያውቅ አይጦች አሉ። ምግባቸው የጸዳ፣ አየራቸው የተጣራ፣ በባዶ እጅ የሚነካቸው የለም። ሆዳቸው ግን ደህና አይደለም አለችኝ። የፕሌኖ የሀብታም ሰፈር ልጆች ትዝ አሉኝ። ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የአሳማ ጉንፋን የሚባል ወሬ ባመሰን ዓመት ሊያ እራቷን ገፍታ ተቀመጠች። ምን ሆንሽ ብላት፣ "እማማ፣ ክሊን ሆድ አጣሁ" አለችኝ። የታጠበ ነው? "ኖ፣ ማለቴ፣ አንቲባዮቲክ ያልነካው። በእኛ ምግብ ያደገ ትልቅ ሰው። ሶ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሁ መስታወቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።" መስታወቱ ከሄደ ዘንድሮ ምርቃት የለም። የስንት ዓመት ድካሟ ባንድ ሰው ሆድ ላይ ተንጠለጠለ።

አንቲባዮቲክ ያልነካው ሐበሻ? እዚህ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ? እናንተዬ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሻንጣ በርበሬና አሞክሳሲሊን ጎን ለጎን ተኝተው ነው የሚመጡት። አንዷ ስታስነጥስ የሁሉም ቦርሳ ይከፈታል። የእኔም ቦርሳ ባዶ አይደለም፤ ለሰው ነው የምይዘው።

አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ደምሴ። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ኪኒን በዚህ ጉሮሮ አልፎ አያውቅም ይላል፣ ጉሮሮውን በጣቱ እያሳየ። እኛም አሜን እንላለን። ሊያ ይህን ስትሰማ ዘላ ተነሳች። አሁኑኑ ኮል ላድርግለት አለች። ኧረ ተይ! ትልቅ ሰው ዓይነ ምድርህን ስጠኝ ተብሎ በስልክ ይጠየቃል? ክቡር ነገር የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው።

ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ። አንዱ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ፣ አንዱ አዲሰን ሆቴል መኪና ፓርክ የሚያደርግ። ሴት ለሽምግልና አትሄድም ብለው አጉረመረሙ። አንጀቱን አይቼ የመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ተከተልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ባለ ታክሲው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እርስዎ ቤት የተትረፈረፈ፣ እኛ ቤት ግን አገር ተዳርሶ የታጣ ነገር አለ ብሎ ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ፊቱ በራ። ያላገባች ልጅ አለችው፣ ለጋብቻ የመጣን መስሎታል! ነገሩ ሲገባው ግን ፊቱ እንደ መብራት ድርግም አለ። ሚስቱን አስካለን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ በመጨረሻ፣ እስቲ ዘመድ ላማክር አለ።

ሽማግሌዎቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ዘመድ ላማክር ካለማ ሰጠ ማለት ነው አሉኝ። እኔ ግን ለዚህ የሚማከረው ዘመድ የትኛው እንደሆነ ማሰብ ያዝኩ።

ሁለተኛ ስንሄድ አልሰጥም አለ። ቁርጥ አድርጎ። ላብ ላብ ብሎታል። ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ባንዴ እሺ ያለ ይናቃል፣ ክብሩን እየጠበቀ ነው ተባባልን። ምስኪን! በእኛ ደንብ እምቢታ የሽምግልናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ መቼ ሆኖ ያውቃል?

በሦስተኛው ሊያም መጣች። ወዶ ያልሰጠውን አልቀበልም፣ ከራሱ አፍ ልስማ ብላ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። እሷ በዚያ ስብርብር አማርኛዋ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ዘንድሮ አንቲባዮቲክ ወሰድክ... ይቅርታ፣ ወሰዱ?" አለችው።

ጋሽ ደምሴ ልጅቱን አያት። ልጅቱ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ወሩ ሊያልቅ ነው።

"ወስጃለሁ" አለ። "ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር እወስዳለሁ። ከሻንጣ የመጣ አለኝ። ይኸው፣ አሁን ተዉኝ።"

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አቀረቀሩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ለምስክርነቱ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ለሊያ ምርቃት ነው።

ይሄኔ አስካለ ከጓዳ፣ "አልወሰድክም" አለች።

"ተይኝ አስካለ፣ አንዴ ተናዝዣለሁ።"

"አልወሰድክም አልኩህ። የኪኒኑን ሽፋን እየከፈትኩ ዱቄቱን ገልብጬ፣ አብሽ ሞልቼበት ነው ስትውጥ የኖርከው።"

ለካስ መጀመሪያ ቆሞ የመሰከረ ሰሞን ካልሲዎቹ ሥር ደብቆት አግኝታዋለች። ብታዋርደው ባሏ ነው። ዝም ብትል እሱ እያበለ እሷ ከጎኑ አሜን ልትል ነው። አዲስ በመጣ ቁጥር ዱቄቱን ደፍታ አብሽ ሞላችበት፤ ምስክርነቱ እውነት ሆነ፣ እሷም አሜኗን ያለ ሐሳብ አለች።

ጋሽ ደምሴ ምን ቢል ጥሩ ነው? የተናደደው በመዋረዱ መሰላችሁ? "ግን እኮ ይሻለኝ ነበር!" አለ።

ሽማግሌዎቹ ያኔ ተቀመጡ። ሊያ አብሽ ችግር የለውም፣ ምግብ ነው፣ ከምግቡ ጋር ይቆጠራል አለች። ጋሽ ደምሴም ትንሽ አኩርፎ፣ ትንሽ አስቦ፣ ወድጄ ሰጥቻለሁ አለ። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ አጅበነው ሄዶ ሰጠ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይበሉ። የጋሽ ደምሴን ውሸት እያደር እውነት ያደረገችው ግን ሚስቱ ናት። ዛሬም ጉሮሮውን እያሳየ ይመሰክራል፤ የእኛ አሜን ብቻ ከበፊቱ ጠንከር ብሏል። ጉሮሯችንን ሲከረክረን ደግሞ አስካለን ፍለጋ እንሄዳለን። አብሽ መሆኑን እናውቃለን። ያሽላል።

መስታወቱ ሥራ የጀመረ ሳምንት ሊያ ጠራችን። ጋሽ ደምሴ ተጠግቶ፣ የእኔ የትኛው ነው አለ። ሁሉም ያንተ... የእርስዎ ነው አለችው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በልጁ ምርቃት ላይ እንደቆመ አባት ኮራ ብሎ ያየው ጀመር። በዚያው ቅጽበት ከወፍራሙ አንጀት አየር ቡልቅ ብሎ ወጣ። ሊያ በደስታ አጨበጨበች።

ጋሽ ደምሴ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይቅርታ" አለ።