ጽዋው እኔን ዘሎ ሲያልፍ

የበደለችኝ በላይነሽ ናት። ስሟን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ቂም ይዤ እንዳይመስላችሁ፤ ቂሙስ አልፏል። እስከ መጨረሻው ድረስ "ማን ትሆን?" እያላችሁ እንዳትቸገሩልኝ ብዬ ነው። በላይነሽ የሞላሌዋ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ አርባ ዓመት እሳት የተጫጫርን፣ እኩያዬ፣ የሚካኤል ማኅበርተኛዬ። እንግዲህ አወቃችኋት።

ሰው የሚፈራው ነገር እንደ ልብስ ፋሽን አለው። እኔ ልጅ ሳለሁ የሚፈራው ጅብና ቡዳ ነበር። ቀጥሎ ካድሬ ተፈራ። ካድሬው ሲሄድ በሽታ መጣና እጃችንን በሳሙና እያሸን እሱን ፈራን። ዘንድሮ ደግሞ ፍሪሜሰን ሆኗል። ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚበላ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው መንዝ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ የማይፈራው ሰውም ፈልጌ አጣሁ። እስቲ አስቡት፣ ፍሪሜሰን ሞላሌ ቢመጣ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። እግሩ መሬት ሳይነካ "የማን ልጅ ነህ?" ይባላል። የእናቱን አገር፣ የአባቱን ደብር፣ እስካሁን ለምን እንዳላገባ ሳይናገር ሻንጣውን የሚያወርድለት የለም። ምስጢር ለመያዝ ይሄን ያህል የማይመች ከተማ እግዜር አልፈጠረም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የጸሎት መጽሐፌንና የደም ግፊት መድኃኒቴን ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነኝ አልልም። ግን እኔ ወደ ነገሩ አልሄድኩም፤ ነገሩ ነው በሬ ድረስ የመጣው።

ባለቤቴ ጌታነህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ግንበኛ ነበር። ከመርሐቤቴ ቆላ፣ ከዓለም ከተማ በኩል መዶሻና መሮውን ይዞ ወጥቶ መንዝ ቀረ። ብርዱን ሲረግም ኖሮ ብርዱ ውስጥ ተቀበረ። ይሄን ቤታችንን ገንብቶ የጨረሰ ዕለት ከበሩ በላይ፣ ጉበኑ ድንጋይ ላይ፣ ሦስት ነገር ቀረጸ። ከላይ መስቀል፣ ከሥሩ ስኳድራና ኮምፓስ። ስኳድራ ግንበኛ ማዕዘን የሚያስተካክልበት ብረት ነው፤ ኮምፓሱ ደግሞ ቅስት የሚያወጣበት ባለ ሁለት እግር መሣሪያ። "መስቀሉ የፈጠረኝ ነው፤ እነዚህ ያበሉኝ ናቸው" አለኝ። ገበሬ ቢሆን ሞፈር ይቀርጽ ነበር። ያን ድንጋይ አርባ ዓመት አላፊ አግዳሚው ሁሉ አይቶታል፤ ቁም ነገር ብሎ ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ ያለው የበላይነሽ ልጅ ለእናቱ ስልክ ላከላት፣ ያ በጣት ሲነኩት የሚገላበጠውን። እስልኩ ውስጥ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው አለ፤ ከኋላው የሚያስደነግጥ ሙዚቃ እያስመታ ምልክት ያሳያል። ዓይን፣ ሦስት ማዕዘን፣ እባብ፣ ስኳድራና ኮምፓስ። በላይነሽ ይሄን ካየች ወዲህ ዓለም ተለወጠችባት። ምልክቱን የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አገኘችው። የብስኩት ልጣጭ ላይ አገኘችው። ዓይኗን ልትታከም ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ተለጥፎ ብታይ ሳትታከም ሮጣ ተመለሰች። አንድ ቀን ደግሞ እኔ ዘንድ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ቀና ስትል በሬ ላይ አገኘችው።

"ዘነበች፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ስኳድራ።"

"ማን ቀረጸው?"

"ጌታነህ ነዋ! ያን ዕለት ጠላ ያመጣሽልን አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"መስቀሉስ?"

"መስቀል ነዋ፣ ምን ሆንሽ አንቺ ሴት?"

"እሱማ ለማሳሳቻ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰውዬው እንዲህ ያደርጋሉ ብሏል።"

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መስቀል ባይኖር ኖሮ "መስቀል እንኳ የለውም" ነው፤ ሲኖር ደግሞ "ለማሳሳቻ ነው"። እንዲህ ያለውን ክርክር ማንም አሸንፎት አያውቅም። እኔም ወንፊቱን ሰጥቼ ሸኘኋት። ወንፊቱን ተቀበለች፤ እሱ ላይ ምልክት አላየችም መሰለኝ።

አሁን ማኅበራችንን ላስተዋውቃችሁ። አሥራ ሦስት ነን። በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ እየደገስን ሚካኤልን እንዘክራለን። ድግሱ ሲያበቃ ባለቤቱ በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ ተረኛውም በእልልታ ታጅቦ ይዞት ይሄዳል። አሥራ ሦስት በመሆናችን ተራው በየዓመቱ አንድ ወር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ትልቁ የኅዳር ሚካኤል ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአሥራ ሦስት ዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ የእኔ ነበር። እኔ ሰባ አልፎኛል። የሚቀጥለው ሲደርሰኝ የት እንደምሆን እናንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ይቺ የኅዳር ሚካኤል የመጨረሻዬ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ ስጠብቃት ነበር።

የጥቅምቱን በላይነሽ ደገሰች። ጥሩ ደገሰች፣ አልዋሽም። በላን፣ ጠጣን፣ ጸሎት ተደረገ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተነሣሁ። በላይነሽ ጽዋውን አነሣች፣ ወደ እኔ መጣች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በእኔ በኩል አለፈችና ከእኔ ቀጥሎ ለተቀመጠው ለአቶ ሽፈራው አስታቀፈችው። አቶ ሽፈራው የማኅበሩ ሙሴ ነው፤ ሙሴ ማለት አለቃችን። እሱም ደንግጦ ተቀበለ። እልል የሚል ጠፋ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። የተዘረጋ ባዶ እጅ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ዕለት አወቅሁ።

የት ላይ እንዳመመኝ ልንገራችሁ። ጌታነህ መጀመሪያ ሲመጣ አንዳንድ ሴቶች እሱን ሲያዩ ወተት ይከድኑ ነበር። እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው በአገራችን ዓይኑ ይፈራ ነበርና። ቤታቸውን ይገነባላቸዋል፤ ልጃቸውን ግን ጀርባቸው ላይ ይሸሽጉበታል። እኔም የተከበረ ገበሬ ልጅ ሆኜ እሱን አገባሁ ተብዬ ያልተባልኩት የለም። ዛሬ "ቡዳ" ማለት ነውር ሆኗል፤ ጎበዝ፣ ሠለጠንን። ስድቡ ግን አልሞተም። ከተማ ገባ፣ ሱፍ ለበሰ፣ አዲስ ስም አወጣና በስልክ ተመልሶ መጣ።

እኔ ግን ስለ አንድ ነገር ሳላውቅ አልናደድም፤ አውቄ ነው የምናደደው። በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ መምሬ አስራት ሄድኩ።

"መምሬ፣ ይሄ ፍሪሜሰን የሚሉት ምንድን ነው? ይንገሩኝና ከሆንኩም ልወቀው" አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "እኔም በዓይኔ ያየሁት የለም" አሉኝ። "አዋቂዎቹ የሚሉትን ነው የምነግርሽ። ከባሕር ማዶ የመጣ ማኅበር ነው። ምልክቱን ከግንበኛ ወስደውታል፤ ሰው እንደ ድንጋይ ተጠርቦ ይስተካከላል ለማለት ነው አሉ። እርስ በርስ ይረዳዳሉ፣ ለድሃም ይሰጣሉ የሚላቸው አለ። ነገር ግን ሥርዓታቸው በዝግ ቤት ነው። ሲገቡ ይምላሉ። ፈጣሪ አለ ያለን ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ሌላውንም፣ አንድ ላይ አቁመው የማንንም ስም ለይተው ሳይጠሩ ያስጸልያሉ። አሁን አንቺ ፍረጂ። አንድ የንስሐ ልጄ መጥቶ 'አባ ይፍቱኝ' ካለኝ በኋላ 'ይቺን ግን አልነግርዎትም፣ ምዬባታለሁ' ቢለኝ ምኑን ልፍታው? እዚህ ክርስቶስን በስሙ ጠርቶ፣ እዚያ ስሙን ዋጥ ካደረገ ቤቱ የቱ ነው? የሃይማኖት ሰው የሚጠረጥራቸው ለዚህ ነው እንጂ ቀንድና ጅራት ስላላቸው አይደለም።"

ይሄ ገባኝ። ጌታነህ አንድ ቀን "ክፉ አልሠራሁም፣ ግን የዋልኩበትን አልነግርሽም፣ ምያለሁ" ቢለኝ ኖሮ እኔ ጳጳስ ሳልጠብቅ አወግዘው ነበር። ደግሞ መንገድ ላይ ሳስበው እኛም አሥራ ሦስታችን ጽዋ አለን፣ ሙሴ አለን፣ የማኅበር ወሬ ውጭ ያወጣ ይቀጣል። ከሩቅ ለሚያየን እኛም እናስፈራ ይሆናል። ልዩነታችን በራችን ነው። የእኛ በር ላይ ነዳያን ተቀምጠው የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ሲሰለቻቸውም "ኧረ አሳጥሩት!" ይሉናል። ማንም ገብቶ መብላት የሚችልበት ቤት ውስጥ ምን ምስጢር ይቀመጣል?

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበሩ ሁሉ ደጀ ሰላም ተሰበሰበ። መምሬ አስራት መሐል ተቀመጡ። አቶ ሽፈራው ጽዋውን በባና ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። በላይነሽ ተጠየቀች።

"እኔ ክፉ አስቤ አይደለም" አለች። "ለማኅበሩ ፈርቼ ነው። መምሬ፣ ጌታነህን ያናዘዙት እርስዎ ነዎት። እንደዚያ ያለ ነገር ምሎ ነበር ወይስ አልማለም? እርስዎ ይንገሩንና ይለቅ።"

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። "የሞተ ሰው ኑዛዜ አደባባይ አላወጣም።"

"አያችሁ!" አለች በላይነሽ።

"ምኑን ነው የሚያዩት? ደግ ነገርም ይሁን ክፉ፣ አንዲት ቃል ባወጣ ቄስነቴ ቀረ!" አሉ መምሬ ተቆጥተው።

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ባሌ ምስጢር እንዳልነበረው ለማስመስከር የምስጢር ጠባቂ ፊት ቀርበናል። በዚህ በኩል መንገድ እንደሌለ ገባኝና ተነሣሁ።

"ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በማኅበራችን ሕግ ጽዋ ሰው የሚዘለው መቼ ነው?"

አቶ ሽፈራው አሰበ። "ሲሞት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፣ እትዬ ዘነበች። ቢታመም ይጠበቃል፣ ቢቸግረው ይታገዛል። የሚዘለለው የሞተ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው እኔ ሞቻለሁ" አልኩ። "ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ሁላችሁም ባላችሁበት፣ በላይነሽ ቀብራኛለች። ነፍሴን ይማር። ግን ሕጋችን ደግሞ ማኅበርተኛ ሲሞት ተዝካሩን ማኅበሩ ያወጣል ይላል። ሰባቴን ዝም ብላችሁ አሳለፋችሁት፤ ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ። አርባዬ ግን ቆጥሬዋለሁ፣ ኅዳር ሃያ አንድ ለማርያም ነው፣ በላይነሽ መልካም ቀን መርጣልኛለች። ከየቤታችሁ አንድ አንድ እንስራ ጠላና አንድ አንድ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ኑ። በጉን ሙሴ ያቀርባል። ዋናዋ አልቃሽ በላይነሽ ናት። ሙሾውን ስታወርድ መልካም መልካሙን እንድትልልኝ፤ ጥግ ይዤ እየጠጣሁ አዳምጣለሁ።"

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው፤ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናጋ።

"እኔ ለቆመ ሰው ተዝካር በግ አላርድም!" አለ አቶ ሽፈራው። "ደግሞስ ይሄ ጽዋ ተራዬ ሳይሆን ቤቴ ገብቶ እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለቤቴ የቆመበትን ጥግ እየዞረች ነው የምታልፈው። እንኩ፣ እትዬ፣ ይውሰዱልኝ!"

ጽዋውን አስታቀፈኝ። እልልታው ሲቀልጥ በላይነሽም እልል ብላ ጀመረችና መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። አጠገቤ መጣች።

"ዘነበች፣ ልጄ የት እንደሚውል አይነግረኝም። 'ከሰዎች ጋር አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ስለሱ ግን አትጠይቂኝ እማዬ' አለኝ። ስልኩን የላከልኝ ያኔ ነው። ልጄን ምን እንደዋጠብኝ ለማወቅ ስልኩን ስከፍት፣ ያ ሰውዬ ወጣልኝ።"

ይሄን አስቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ አብረን እንፈራ ነበር። ለካስ እሷን ያስፈራት የእኔ በር አይደለም፤ የልጇ በር ነው። እናት ደጅ ተዘግቶባት ቆማ ጥላ ሁሉ አውሬ ቢመስላት እኔ ምን ልፈርድባት?

"ለኅዳር ሚካኤል ይምጣ በይው" አልኳት። "ዘነበች ጠርታሃለች በይው። ከመጣ እኔ አናግረዋለሁ።"

"አንቺ ካናገርሽውማ ሁሉንም ይለፈልፋል" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

እንግዲህ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ድንጋዩ እንዳለ አለ፤ ማንም ልፋቀው አላለም፣ እኔም አልፈቅድም። ፍሪሜሰኖቹም ባሉበት ይኑሩ፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ንስሐ አባቴ ጠርጥሪ ያሉኝን ግን እጠረጥራለሁ። የቀረኝን ልንገራችሁ። ጽዋው በዘለለኝ ማግስት፣ መምሬ ዘንድ ከመሄዴ በፊት፣ ማንም ሳያየኝ የድግሱን ገብስ ለብቅል ነክሬ ነበር። አምላኬንም ሰዎቼንም አውቃቸዋለሁ። ከደጀ ሰላሙ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብቅሉ ደርሶ ለመሰጣት ሲበቃ በሰፌድ ተሸክሜ በላይነሽ ግቢ ገባሁ። ፀሐይስ እኔም ዘንድ ይወጣል። ሰሌኗን ራሴ አነጠፍኩ፣ ብቅሉን አሰጣሁ፣ ስልኩን ከእጇ ወስጄ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረግሁላትና በምትኩ ረጅም ሽመል አስያዝኳት። "የማኅበር ነው፣ ዶሮ እንዳይነካብኝ" ብያት ወጣሁ።