ሊቀ መራጮች ማለስለሻ ማሽን ሲገዙ

እግዜር ለየቤተሰቡ አንድ አንድ መራጭ አድሏል። “እኛ ቤት የለም” የምትሉ ካላችሁ ደግማችሁ አስቡ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። መራጭ ማለት ሐብሐብ ሲገዛ የሰው በር የሚያንኳኳ ይመስል ጆሮውን ደቅኖ የሚቆረቁር፣ ጫማ ሲለካ ሱቁን ሦስቴ ዞሮ መንገድ ተሻግሮ የሚመለስ፣ ትራስ ሊገዛ ሄዶ እዚያው ሱቅ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩት ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ዘመዶቹ አብሮ ገበያ መሄድ ሲነሳ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሰውየው ግን ክፋት የለበትም። ከዚህኛው የተሻለ የሚቀጥለው ሱቅ ውስጥ አለ ብሎ ያምናል፣ በቃ።

የዚህ ወገን አለቃ አንድ አናጺ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ፊት ለፊት “ጋሼ” ትላቸዋለች፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ “ሊቀ መራጮች”። እኛም ለክብራቸው ስንል ሁለተኛውን እንይዛለን። አንድ ደንበኛ የሕፃን አልጋ አዟቸው፣ እንጨቱን መርጠው እስኪጨርሱ ሕፃኑ ራሱ ፂም አብቅሎ መጥቶ ተረከበ እየተባለ ይወራል። ወሬው ትንሽ ተጋኗል፤ ፂሙ ገና ለጋ ነበር። ሚስታቸውም “እኔን ለማግባት አራት ዓመት አሰበ” ይላሉ ለእንግዳ ሁሉ፤ “አሁንም አንዳንድ ጠዋት አተኩሮ ሲያየኝ፣ ሊመልሰኝ ነው እንዴ እላለሁ።” ሊቀ መራጮች ይህን ሲሰሙ አይቆጡም። “ቆይ እስቲ፣ ታዲያ ተሳሳትኩ?” ብለው ይጠይቃሉ። ሚስትየው ይስቃሉ።

“ቆይ እስቲ” የሳቸው ቃል ናት። ከሷ ቀጥላ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ትመጣለች። እህታቸው አንድ ቀን ቢመርራት “ጋሼ፣ አንተ እንኳን ልታፈስ ገና እህሉንም አልሰፈርክ” ብላቸው ነበር። አሰቡበትና “እሱም ልክ ነው” አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወይ ፍንክች።

እህትየው ቫርኒሽ ቀቢ ናት። ወንድምና እህት ከአባታቸው በወረሱት አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ አብረው ሲሠሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይገጥማሉ፣ ያለሰልሳሉ፤ እሷ ትቀባለች። ጥል የሚባል ነገር የላቸውም፣ ከአንድ በቀር፤ እሱም አቧራ ነው። ሊቀ መራጮች እንጨት የሚያለሰልሱበት ማሽን ከአባታቸው ዘመን የተረፈ ነው። የአቧራ ከረጢቱ ተቀዶ ሚስታቸው ካሮጌ ሱሪ እግር ሌላ ሰፍተውለታል፤ ሱሪውም ቀዳዳ ነበረው። ማሽኑ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ያረጃል፤ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። አንድ የድሮ ደንበኛ ከበር ላይ ሆኖ ሲያያቸው አባታቸው መስለውት፣ “እርስዎ አሁንም አሉ?” ብሎ ደንግጦ ተመልሷል።

ለቫርኒሽ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቫርኒሽ እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈጃል፤ እስከዚያው የወደቀበትን ሁሉ ይይዛል። አንዲት ቅንጣት ከወደቀች በመርፌ ጫፍ መልቀም ነው፤ ብዙ ከወደቀ ደግሞ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ስለዚህ ቀኑን ተካፍለውታል። ጠዋት የሳቸው ነው። ቀትር ላይ ወለሉ ውሃ ይርከፈከፋል፣ አቧራው እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከሰዓት የሷ ነው። ሊቀ መራጮች ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢውሉ ጥሩ ስምምነት ነበር። አይውሉም። አንድ ጠርዝ ይታያቸዋል። “ቆይ እስቲ፣ ይቺን ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ።”

በወሩ መጀመሪያ ይቺ ሁለት ደቂቃ አንድ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ በላች። እህትየው የመጨረሻውን ቅብ ጨርሳ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ወንድሟ የወንበር እግር ይዘው ማሽኑ ይጮሃል፤ ጠረጴዛው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ብሩሾቿን አጠበች፣ ጣሳዎቿን ከደነች፣ ከዚያ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

“ጋሼ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ክፍል ይከራያል። አከራይዋን አነጋግሬያቸዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አቧራ የማይበትን ማሽን ካልገዛህ ዕቃዬን ይዤ እሻገራለሁ።”

“ልክ ነሽ” አሉ ሊቀ መራጮች፣ ጠረጴዛውን አፍረው እያዩ። “እገዛለሁ።”

“መቼ?”

“ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ልይ።”

እውነቱን ለመናገር እህትየው መሄድ አልፈለገችም። ቃል ግን አንዴ ካፍ ወጥቷል፤ ወንድሟን ደግሞ ታውቃቸዋለች። በሠላሳ ቀን ማሽን ሊገዙ ቀርቶ ሚስማር መርጠው አይጨርሱም። ክፍሉን ልታይ ሄዳ ነበር። ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል። መሀሉ ላይ ቆማ ጆሮዋን ብትጥል ምንም አይሰማም። ወንድሟ ሲሠሩ ዜማው የማይታወቅ ነገር ያፏጫሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት “ኧረ ተው ጋሼ” ስትል ኖራለች። እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ግን ፉጨቱ ናፈቃት።

ሊቀ መራጮች ጥናቱን ጀመሩ። መጀመሪያ የጥናት ደብተር ገዙ፤ እሱን ለመምረጥ ሁለት ቀን ሄደ። ብረት ሠሪውን ጠየቁ። የሙያ ትምህርት ቤቱን መምህር ጠየቁ። ጥርስ ሐኪማቸውን፣ አፋቸው ተከፍቶ ሳለ፣ በእጅ ምልክት ጠየቁ። “እሱስ ቀኑን ሙሉ ሲያለሰልስ አይደል እንዴ የሚውለው?” ነው ምክንያታቸው። ከዚያ ምሳ ላይ ቤተሰቡን ማስተማር ሆነ።

“ቁም ነገሩ ማሽኑ አይደለም፤ አቧራ መሳቢያው ነው” ይላሉ ማንኪያቸውን አንስተው። “አቧራው ገና ሳይነሳ በቱቦ ምጎ የሚወስድ መሳቢያ አለ። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ። ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ማሽኑ ላይም ቀዳዳ አለ። ሁለቱ ልክ ለልክ ካልገጠሙ መሳቢያው ቢጮህ ዋጋ የለውም።”

“ስንት ቀዳዳ ነው?” አሉ ሚስትየው፣ ያዳመጡ ለመምሰል።

“ስምንትም አለው፣ አሥራ አምስትም አለው። እሱን ነው የማጠናው።”

“አጥና። እሷም ዕቃዋን ትሸክፍ።”

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሊቀ መራጮች በየጠዋቱ ሁለት መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳንቃ ለእህታቸው ያቀብላሉ።

“ቫርኒሽ ቀባ አድርጊልኝ፣ ስስ አድርገሽ።”

“ለምን?”

“ለሥራ ነው።”

ከዚያ እርጥቧን ሳንቃ በሁለት እጃቸው እንደ ልደት ኬክ ይዘው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። አንድ ቀን የሰው ክርን ታትሞባት ተመለሰች። ሌላ ቀን አንዲት ዝንብ ከነክንፏ ተለጥፋባት መጣች። እህትየው ጥርሷን ነክሳ ትቀባለች። ወሩ እያለቀ ነው፤ ማሽን የለ፣ ምን የለ፣ ጭራሽ የሳንቃ ሥራ ተጨመረባት። ሰውየው እንድሄድለት ይሆን የሚፈልገው ብላ ያሰበችበት ቀንም ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ሊቀ መራጮች ጠዋት እንደወጡ ለምሳ ሳይመለሱ ቀሩ።

“የመሣሪያ መሸጫው ነው ያለው። ሄደሽ አምጪው” አሉ ሚስትየው። “ብዙ ከመቆሙ የተነሳ ዋጋ ለጥፈውበት እንዳይሆን።”

እህትየው ሄደች። ከሱቁ ጀርባ ማሽን የሚሞከርበት ክፍል አለ፤ ወንድሟን በመስታወቱ በኩል አየቻቸው። ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ሜትር ዘርግተው፣ ከሥራ ጠረጴዛው እስከ አንዲት በርጩማ ድረስ ይለካሉ። በርጩማዋ ላይ ሳጥን ተደርቧል፤ ሳጥኑ ላይ ያቺ ጠዋት የቀባቻት ጥቁር ሳንቃ ተቀምጣለች።

ሻጩ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ፣ ወደ እህትየው ቀረብ አለ።

“እህታቸው ነዎት?”

“ነኝ።”

“ቀቢዋ?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ያቺ በርጩማ እርስዎ ነዎት።”

ከዚያ ነገራት። ሊቀ መራጮች ሁለት ሳምንት ተኩል ሙሉ በየቀኑ እየመጡ ኖሯል። ርቀቱ ሦስት እርምጃ ተኩል ነው፣ በግራ በኩል፤ ከፍታው እህታቸው ስትቀባ ሥራዋ የሚቀመጥበት ነው። መስኮቱ እንደ ሥራ ቤታቸው ግማሹ ይከፈታል። ባንዱ ማሽን አሥር ደቂቃ ያለሰልሳሉ፣ ከዚያ አጉሊ መነጽር አውጥተው ሳንቃዋ ላይ የወደቀውን ቅንጣት ይቆጥራሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ።

“የመጀመሪያ ቀን አንዱን ማሽን አነሱና ፈገግ አሉ” አለ ሻጩ። “ቀላል ናት፤ እጃቸው ውስጥ ልክ ገባች። ‘ይቺ ታውቀኛለች’ አሉኝ። ተሸጠች ብዬ ካርቶኗን ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ሳንቃዋ ላይ አሥራ አንድ ቅንጣት አግኝተዋል። መልሰው አስቀመጧት፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብለውም አላዩዋት።”

“አሁን የያዙትስ?”

“እሱ ከባድ ነው። ቱቦውም ወፍራም ነው፣ ክንድ ይጎትታል። ለእርስዎ አይሆንም፣ ትከሻዎን ይጎዳል ብያቸው ነበር። ‘የኔ ትከሻ ይለምዳል፣ የሷ ቫርኒሽ ግን አይለምድም’ አሉኝ። ሁለት ቅንጣት ብቻ ነው የጣለው። እነዚያን ሁለቱንም አልወደዷቸውም፤ ቀዳዳው ልክ የሚገጥም ወረቀት እስኪመጣ ጠበቁ። ዛሬ መጣላቸው።”

ለሸሚዝ አንገትጌ ሳምንት የሚፈጁት ወንድሟ፣ ለራሳቸው ምቾት ሲሉ ከተማ የሚዞሩት ሊቀ መራጮች፣ እጃቸው የመረጠውን በመጀመሪያው ቀን ትተው የሷን ሲፈልጉ ነው የከረሙት። አንጀቷን በሏት። እሷ ደግሞ እንድሄድለት ይሆናል ብላ ነበር።

ማሽኑ ቆመ። ሊቀ መራጮች ሳንቃዋ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

“አንዲት አለች” አሉ፣ ቅስማቸው ተሰብሮ።

እህትየው ገብታ ከጎናቸው አጎነበሰች። አጉሊ መነጽሩን ከእጃቸው ወስዳ አየች።

“ጋሼ፣ ይሄ አቧራ አይደለም። የቅንድብህ ፀጉር ነው።”

ሊቀ መራጮች ቅንድባቸውን ዳሰሱ። “እውነትሽን ነው?” ከዚያ ማን እንዳናገራቸው ገባቸውና ቀና አሉ። “አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ‘ሁለት ቅንጣት ምን አላት፣ ግዛውና እንገላገል’ ትይኝ ነበር።”

እውነት ነው፣ ትላቸው ነበር። ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች፤ አቧራ ገባብኝ እንዳትል ክፍሉ ውስጥ አቧራ አልነበረም።

“ይሄን እንውሰድ” አለች።

“ቆይ እስቲ፣ ከድልድዩ ወዲያ አንድ ሱቅ አለ ይላሉ...”

“ጋሼ።”

“እሺ” አሉ ሊቀ መራጮች፣ እየከበዳቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀጥለውን ሱቅ ሳያዩ ዕቃ ገዙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለቱ ባንድ ሰዓት ሠሩ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ መሳቢያው ይምጋል፣ ሊቀ መራጮች ያፏጫሉ፣ እህትየው ከሦስት እርምጃ ተኩል ርቀት ላይ ትቀባለች። ወለሉ ላይ ውሃ አልተርከፈከፈም። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ሊቀ መራጮች ማሽኑን አስቀምጠው ትከሻቸውን ማሸት ጀመሩ። እህትየው ቱቦው ከጣራው በገመድ ቢንጠለጠል ክብደቱ እንደሚቀንስ ነገረቻቸው። ሐሳቡን ወደዱት። ከዚያ መንጠቆው የሚመታበትን ቦታ መምረጥ መጣ፤ ጣራውን በጠመኔ ምልክት ሞልተውት አንዱም አላረካቸውም። እሷም መሰላሉን ይዛ እስከ ከሰዓት ቆመች፤ ለራሷ እስኪገርማት ድረስ አልተናደደችም።

መንጠቆው ሲገባ መንገዱን ተሻገረች። አከራይዋ ቁልፉን ይዘው በር ላይ ይጠብቋት ነበር።

“እትዬ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለሌላ ሰው ይስጡት።”

“ምነው ልጄ? እንዲህ ያለ ክፍል የት ታገኛለሽ?” አሉ አከራይዋ በሩን ወለል አድርገው እየከፈቱ። “ብርሃኑን እይ፣ ፀጥታውን እይ። ጠዋት ገብተሽ ማታ ብትወጪ ማንም የሚያስቸግርሽ ሰው የለም።”

“አውቃለሁ፣ እትዬ” አለች ቀቢዋ። “እሱን ነው ያልወደድኩት።”