ሙጥኝ ለማለት የማይመች ልብስ

እንግሊዞች አንድ ቃል አላቸው። «ስቲክ» ይሉታል። በጋፋት የፈረንጆቹ አስተርጓሚ እንደነገረኝ ከሆነ ጭቃ እግር ላይ ሲጣበቅ ስቲክ ነው፤ ሰም ጣት ላይ ሲቀር ስቲክ ነው፤ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር፣ የመድፍ ጋሪ ረግረግ ውስጥ ሲያዝ ያው ስቲክ ነው። ይህ ሁሉ ይሁን። ሰው በቃሉ ሲጸናም፣ ወዳጁን በክፉ ቀን አልለይም ሲልም ስቲክ ነው አለኝ። እኔ አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ ከዚያ ወዲያ የተማርሁት የለም፤ ቢሆንም ጭቃንና ወዳጅን በአንድ ቃል ማሳደር ድፍረት መሰለኝ። እኛ ዘንድ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቤት ተሠርቶለታል። ጭቃ ይጣበቃል። አጥንት ይሰነቀራል። ለምሳ መጥቶ ለራትም አልነሣ የሚል ዘመድ ይለጠፋል። ሃይማኖተኛ ይጸናል። የጨነቀው ደግሞ ሙጥኝ ይላል።

የማወጋችሁ ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው፤ ሞክሬዋለሁና።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሙጥኝ የሚባለው የትልቅ ሰው የልብስ ጫፍ ተይዞ ነው። ጫፉ የተያዘበት ሰው ወደደም ጠላም አማላጅ ሆነ ማለት ነው፤ አራግፎ መሄድ ነውር ነው። ሥርዓቱ ያማረ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ግን እየነቁ መጡና፣ ገበያ ሲወጡ ሸማቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው መሄድ ለመዱ። እኛም ብርዱ ነው እያልን እናልፋቸዋለን።

ባለቤቴ ተሰማ ለብረት ማቅለጫው በበቅሎ ከሰል የሚያመላልስ ሰው ነበር። በቅሎዋ የአዛዡ ናት፤ አዛዥ የምላችሁ የሠራተኛው ሁሉ የበላይ የነበሩትን ሰው ነው። አንድ ቀን ተሰማ ከሰሉን ሲያራግፍ በቅሎዋ ልጓሟን በጥሳ ወደ ገሳይ በኩል ነጎደች፤ በዚያው ቀረች። አዛዡ «ሸጠሃት ነው» አሉና ከአንድ ወታደር ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት አስተሳሰሩት። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። እስረኛውም ጠባቂውም አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ይተኛሉ፣ አንዱ ራሱን ሲያክ የሌላው እጅ አብሮ ይነሣል። ወታደሩ ከባሌ የባሰ ያማርር ነበር። ስንቅ ባመጣሁ ቁጥር «እሱስ በቅሎ ጠፍታበት ነው፤ እኔ ምን ጠፍቶብኝ ነው?» ይለኛል።

ይህስ ይቻል ነበር። ነገር ግን እስረኞች ሰኞ ወደ ቆላ ተነድተው ጦሩን ሊከተሉ ነው ተባለ። ቆላ ወርዶ ንዳድ ሳይዘው የተመለሰ ሰው በመንደራችን አላውቅም። ልጄ ማንጠግቦሽ ገና ጡት አልጣለችም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ታስላለች። እኔ እንደሆንሁ በደኅናው ቀንም ትንፋሿን ካላዳመጥሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ያለ አባቷ እንዴት አድርጌ ነው የማሳድጋት?

ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ሙጥኝ በል እንዳልለው ሰውየው ታስሯል። መኳንንቱ ከንጉሡ ጋር ዘምተዋል። አዛዡ እምቢ የማይሉት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ለንጉሡ መድፍ የሚያቀልጠው እንግሊዝ።

ልጄን አዝዬ ሄድሁ። ሰውየው ከማቅለጫው ብቅ ሲል እግሩ ሥር ወደቅሁና የልብሱን ጫፍ ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ጫፍ የለውም። እናንተዬ፣ ከላይ እስከ ታች ገላው ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ሱሪው ጠባብ፣ እጅጌው ጠባብ፤ በአገሩ የጨነቀው ሰው ምኑን ይዞ እንደሚማለድ እንጃ። ብዳብስ ብዳብስ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ከኋላ በኩል ለሁለት የተሰነጠቀች ጭራ መሳይ ነገር አገኘሁ። እሷን ጨበጥሁ። «በአምላክዎ፣ ሙጥኝ ብያለሁ» አልሁ።

ፈረንጁ መጀመሪያ ዳቦ ሰጠኝ። በአንድ እጄ ተቀበልሁ፤ በሌላው እንደያዝሁ ነኝ። ቀጥሎ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። ከዚያ ሄደ፤ እኔም ሄድሁ። ከምድጃው ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ምድጃው። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ያየናል።

«ጌታው ሚስት አገቡ እንዴ?» ይላል አንዱ።

«ኧረ ጭራቸው ከብዷቸው የምትሸከምላቸው ቀጥረው ነው» ይላል ሌላው።

ዳቦውን ማንጠግቦሽ በጀርባዬ ሆና ጨረሰችው።

በመጨረሻ አስተርጓሚው ተጠራ። የአገሬ ልጅ፣ እኩያዬ ነው። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ፤ በንግግሩ መካከል ስቲክ፣ ስቲክ የምትል ነገር ትመላለሳለች።

«ምን ይላሉ?» አልሁት።

«ተጣበቅሽብኝ ነው የሚሉት።»

«አልተጣበቅሁም። ሙጥኝ ነው ያልሁት በላቸው።»

ራሱን አከከ። «በእነሱ ቋንቋ ሁለቱም ያው ነው። ምን ልበላቸው?» አለኝ። ጭቃውንና ወዳጁን የዘረዘረልኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ጭራ ይዤ ቋንቋ ስማር።

ፈረንጁ ቢመረው አዛዡ ዘንድ ሊከሰኝ ተነሣ። ልከሰስ፤ ማን ጠላ። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ አስተርጓሚው ከጎን። አዛዡ ድንኳናቸው ደጅ ተቀምጠዋል፤ ገና ከሩቅ ሲያዩን ፊታቸው ጠቆረ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ፈረንጁ የሚለውን ሁሉ አለ፤ አስተርጓሚውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ።

«ይህችን ሴት አንሡልኝ፣ ሥራ አስፈታችኝ ነው የሚሉት።»

አዛዡ ሙጥኝ ያለችን ሴት በጉልበት ቢያላቅቁ ነገ ማን ሰው ይላቸዋል? ቢተዋትስ መድፉ ይዘገያል፤ መድፉ ከዘገየ ንጉሡ ይጠይቃሉ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ብናደርግ ትለቂያቸዋለሽ?»

«ባሌን ሲለቁት፣ ጌታዬ።»

«በቅሎዬስ?»

«እሷን የሚይዝ ጠፍቶ አይደል እዚህ የደረስነው፣ ጌታዬ።»

አጠገባቸው የቆሙት ሳቁ። አዛዡ አልሳቁም። ፈረንጁን አዩ፣ ጭራዋን አዩ፣ «ፍቱት፤ አማላጁ ከበደኝ» አሉ። እኔም ለቀቅሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሊከስ የሄደ ሰው አማልዶ ተመለሰ። እስከ ዛሬ በአካባቢያችን ስሙ የሚነሣው በመድፉ ሳይሆን በደግነቱ ነው። እሱ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ጭራ የሌለው አጭር ልብስ መልበስ ጀመረ፤ ሰዉ ግን ትሕትናው ነው ይላል። ከደጋጎቻችን ስንቱ ጭራው ተይዞበት ደግ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሰንሰለቱ ሲፈታ ከባሌ ይልቅ ደስ ያለው ወታደሩ ነው። ተሰማ ግን አቀርቅሮ ወጣ። እሱ ፊት እኔ ኋላ ሆነን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ያመሰግነኝ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ዳገቱን ጨረስን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«የቱን ነው የያዝሽው?»

«ጫፉን።»

«ጫፍ የለውም ብለው ነገሩኝ።»

«ጭራውን ነዋ።»

«ጭራውን ብቻ?»

«ብቻ።»

አሰበ። ማንጠግቦሽ ሳለች። ዘወር አለና ልጅቱን ከጀርባዬ ፈትቶ በራሱ ጀርባ አዘላት፤ በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሲያዝል አይቼ አላውቅም። ውኃውን ተሻግረን ሜዳውን ያዝን። እሷም ሳሏ ጋብ ብሎላት እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲያ እንዳለን ቤታችን እንደርስ ነበር፤ ከማዶ ሰዎች ሲመጡ ባየ ጊዜ ግን መልሶ ሰጠኝ።