ለራሳቸው ማመልከቻ የሚጽፉት ጎረቤቴ

ለራሱ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሳድል ሪጅ በሚባል ሰፈር አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛ ቤንጋሊ እንዲህ ያሉ ናቸው። ዕድሜያቸውን በአገራቸው መንግሥት መሥሪያ ቤት አሳልፈው፣ አሁን የትውልድ አውራጃቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። ጠዋት እንደ ታሪክ ጸሐፊ ለአንድ ምዕራፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከረቫት አስረው፣ እንደ ኃላፊ፣ ማመልከቻውን ይመረምራሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ወንዝ ጠራርጎ ስለወሰደው ስለ ገዛ መንደራቸው የጻፉትን ምዕራፍ «ሁለተኛ ምስክር የለውም» ብለው ውድቅ አደረጉት። ከእሳቸው በቀር ያን መንደር የሚያስታውስ ሰው አያውቁም ነበር።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ያሳትሙት እንጂ! ማን ያጣራል?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ የማጣራው፣ ዶክተር!»

በማዕረጌ የጠሩኝ ለማክበር ይሁን ለመገሠጽ እስካሁን አልገባኝም።

ከወራት በኋላ፣ የዚያው ወንዝ ዳር ተወላጅ የሆኑ አሮጊት እዚሁ ከተማ፣ ካስልሪጅ ሰፈር እንደሚኖሩ ሰሙ። በዚያ በረዶ ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሄዱ። ሲመለሱ በሬን አንኳኩ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«መሰከሩልዎት?»

«መንደሩ ነበረ! ትምህርት ቤቱ ግን በምሥራቅ ሳይሆን በምዕራብ በኩል ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ!»

የማውቃቸው ምሁራን ስሕተታቸውን በግርጌ ማስታወሻ ይቀብራሉ፤ እኔም ቀብሬ አውቃለሁ። ስሕተቱን እንደ ምሥራች ይዞ በር የሚያንኳኳ ግን ከእኚህ ሰው በቀር አላየሁም።

በማግስቱ ከረቫታቸውን አስረው ምዕራፉን አጸደቁት። ለታሪክ ጸሐፊው ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት።