ጆሮ ውስጥ የተሰካ ቅጠል

ተረቴ መጣች፤ መቀመጫ ስጧትና ትረፍ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ እንጂ ማኅተም ባልነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። እመት አህያ ይሏታል። ሥራዋ ጭነት አልነበረም። ሥራዋ ማድመጥ ነበር።

በጫካው ቁስል የሚያጥብ ሌላ ነበር፤ ወለምታ የሚያሽ፣ ጥርስ የሚነቅልም አልጠፋም። ሆዱን ሳያመው እህል እምቢ ያለው፣ ሳይነኩት የሚደነግጥ፣ ሳይመቱት የሚያለቅስ ግን እመት አህያ ዘንድ ይሄዳል። እሷም ከዋርካው ሥር ቆማ ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ ታማሚው ታዞራለች። እሱ ይናገራል፤ እሷ ትሰማለች። ሲጨርስ «ሰምቼሃለሁ» ትለዋለች። አንዱ በአንድ ቀን ይድናል፤ ሌላው ዓመት ይመላለሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ በሦስተኛው «እናቴ ሞተች» ያለ ጃርት ነበር፤ በእሾሁ የተነሣ አንድም አልቃሽ አቅፎት አያውቅም ነበርና።

ከታማሚዎቿ ሁሉ የከበደው አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ጎረቤቶቹን መብላት ማቆም ፈለገ። የጫካው ሕግ «የጎረቤት ሥጋ የነካ ከወንዙ ማዶ ይባረር» ይላል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አሸዋ እንጂ ዘመድ የለም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ይመጣና ከእመት አህያ ፊት ይቀመጣል።

«እመት፣ ዛሬም አማረኝ» ይላል።

«ማን አማረህ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? አንቺ።»

«የትኛው ቦታዬ?»

«ሽንጥሽ።»

«ሰምቼሃለሁ፣ አያ ጅቦ።»

ይኼን ሲሰማ የቆመው ፀጉሩ ይተኛል፤ ተነሥቶም ጥንብ ፍለጋ ይሄዳል። አርባ ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። እመት አህያ አትፈራም ማለት አይደለም፤ ማክሰኞ ጠዋት ሣር በጉሮሮዋ አይወርድም ነበር። ግን ከዋርካው ቀርታ አታውቅም።

በዚያ ጫካ የአድማጮች ጉባኤ የሚባል ነበረ። ሰብሳቢው ኤሊ፣ ፈታኙ በቀቀን ነበሩ። አንድ አድማጭ ሥራውን ተምሮ ሲጨርስ፣ ታማሚ አይቶ እንዲያምነው፣ ጉባኤው ጆሮው ውስጥ አንድ ቅጠል ይሰካለታል። አንዴ የተሰካ ለዕድሜ ልክ ነበር። አንድ ቀን ግን በቀቀን ተነሣና፣

«ጌቶቼ፣ ቅጠል ይደርቃል» አለ።

እውነት ስለነበረ ማንም አልተቃወመም።

«ቅጠሉ ከደረቀ እውቀቱስ?» አለ።

ይኼም እውነት መሰላቸው። ስለዚህ አድማጭ ሁሉ በየጊዜው እየተፈተነ በአሮጌው ቅጠል ላይ አዲስ ቅጠል እንዲጨምር ታወጀ። ለፍየል ኀዘን፣ ለወፍ ድንጋጤ፣ ለከብት ቅናትም የየራሱ ፈተናና የየራሱ ቅጠል ወጣ። ያን ጊዜ ኤሊ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «የኔ ዘመን ቅጠል የማይደርቅ ዓይነት ነው፤ እኔን አይመለከትም» አለ። ጉባኤው ጎንበስ ብሎ የኤሊን ጆሮ ፈለገ፤ አላገኘውም። ባያገኘውም ተስማማ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለታማሚውም ባዳ ሆነ።

ተራው እመት አህያ ላይ ደረሰ። በቀቀን ወደ ዋርካው መጣና፣

«የአምስት ታማሚ ምስጋና ታመጫለሽ» አላት። «ደግሞም ከአምና ዘንድሮ አሻሽለሽ ማድመጥሽን ለክተሽ ታሳያለሽ።»

«ዝምታ በምን ይለካል?»

«በክንድ።»

«በክንድ?»

«ቅጹ ላይ ክንድ ነው የሚለው፣ እመት። እኔ ቅጽ አልፈጠርሁም።»

ጃርቱ ሊያመሰግን መጥቶ፣ በቀቀንን ሲያይ አፍሮ ተመለሰ። አያ ጅቦ ግን በኩራት ቀርቦ፣ «አርባ ማክሰኞ ሙሉ አልበላኋትም!» ብሎ መሰከረ። በቀቀንም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ታማሚው የምግብ ፍላጎት አጥቷል።»

የፈተናው ቀን ማክሰኞ ሆነ።

«ማክሰኞማ አያ ጅቦ አለብኝ» አለች እመት አህያ፣ ኤሊ ዘንድ ሄዳ። «ረቡዕ አድርጉልኝ።»

«ፈተና ለታማሚ ተብሎ አይቀየርም» አለ ኤሊ። «ፈተናው ራሱ ለታማሚ ተብሎ የወጣ ነው።»

አያ ጅቦ ይኼን ሲሰማ እስኪንከባለል ሳቀ።

«በቀቀን? በቀቀን አንቺን ሊፈትን? እሱ የሰማውን ይደግማል እንጂ ምን ሰምቶ ያውቃል?» አለ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። «እመት፣ ትመለሻለሽ ግን?»

«የዋርካው ጥላ ወደ ምሥራቅ ሳይዞር እመለሳለሁ።»

ማክሰኞ ማለዳ ጉባኤው ወደሚፈትንበት ኮረብታ ወጣች። መልስ ደብቃ እንዳይሆን ጭራዋን ገለጡ፤ አራቱንም ኮቴዋን አንሥተው አዩ፤ ጥርሷን ቆጠሩ። ከዚያም አንድ የደለበ ሙክት አጠገብ አስቀመጧት። ሙክቱ በፈተና ላይ ፈተና እየወሰደ ዘጠኝ ቅጠል የሰበሰበ ስመ ጥር አድማጭ ነበር። የበግ ጆሮ ትንሽ ነውና ዘጠኙ ቅጠል እንደ ውትፍት ጥቅጥቅ ብሎበት ነበር።

«ጥያቄ አንድ» አለ በቀቀን። «ዓሣ ነባሪ ሲያዝን በየትኛው ጎኑ ይተኛል? ሀ፣ በቀኝ። ለ፣ በግራ። ሐ፣ በሁለቱም። መ፣ አይተኛም።»

«እኔ ዘንድ ዓሣ ነባሪ መጥቶ አያውቅም» አለች እመት አህያ።

«እንደሱ የሚል ምርጫ የለም።»

«‹ሐ› ነው! ባለፈውም ‹ሐ› ነበር!» አለ ሙክቱ። ጆሮው ስለተደፈነ የሚያንሾካሹክ መስሎት ነበር፤ ኮረብታው ግን በጩኸቱ አስተጋባ። በቀቀን ቀና አላለም። የእሱም ጆሮ በቅጠል ከተሞላ ቆይቷል፤ ቀርበው ፊት ለፊት ካልነገሩት አይሰማም ነበር።

ጥያቄው ሁለት መቶ ነበር። ስለ ዓሣ ነባሪ ሠላሳ፣ ስለ አዞ እንባ አርባ፣ ቀሪው ደግሞ ጉባኤውን ማን እንደመሠረተና ቅጠል ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ ነበር። ስለ ራበው ጅብ አንድም የለም። አንድ ጥያቄ ሲቀር፣ ከሸለቆው፣ ከዋርካው በኩል ጩኸት ተሰማ።

«ሰማችሁ?» አለች እመት አህያ።

«ምኑን?» አሉ በአንድ ድምፅ።

ተነሣች።

«እመት! አንድ ጥያቄ ብቻ እኮ ነው የቀረሽ!»

እሷ ግን ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ አያ ጅቦ የዋርካውን ሥር ነክሶ ይዞ፣ አረፋ እየደፈቀ አገኘችው። ሌላ ነገር እንዳይነክስ ጥርሱን እዚያ ቀርቅሮት ነበር።

«ዘገየሽ» አለ፣ ሥሩን ሳይለቅ።

«ሰምቼሃለሁ።»

ሥሩን ለቀቀ። ዋርካው ግን ዛሬም ድረስ የጥርሱ ምልክት አለበት።

በማግሥቱ በቀቀን መጥቶ ቅጠሏን ከጆሮዋ ነቀለ።

«ከዛሬ ጀምሮ አድማጭ አይደለሽም።»

«ጆሮዬንስ ትነቅሉታላችሁ?»

«ጆሮው የራስሽ ነው» አለ በቀቀን በትሕትና። «እንዳትሰሚበት ብቻ።»

አያ ጅቦ ለሙክቱ ተሰጠ። እምቢ እንዳይል፣ ያለ አድማጭ የሚገኝ ጅብ ወዲያው ይባረራል ተብሏል። ማክሰኞ ደረሰና ሙክቱ በዋርካው ሥር ተቀመጠ። ነጭ ነበር፤ ላቱ በሁለት በኩል ተርፎ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል።

«አያ ጅቦ፣ ምን ይሰማሃል?»

«ረሃብ።»

«መልካም። ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ከተቀመጥህ ጀምሮ።»

«መልካም። ሌላስ?»

«ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ወይ ‹ሰምቼሃለሁ› በለኝ፣ ወይ ሩጥ!»

«ግሩም መሻሻል ነው!» አለ ሙክቱ። የጅቡ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር አንድም ቃል አልገባውም። ከዚያም፣ በሰባተኛው ቅጠል ፈተና እንደተማረው፣ ታማሚው ሳያፍር የልቡን እንዲያወጣ ብሎ፣ ዞሮ ጀርባውን ሰጠው።

ጉባኤው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሙክቱ ያለ ላቱ ቀረበ። በቀቀን ወደ ቁስሉ አልሄደም፤ ወደ ጆሮው ሄደ።

«ዘጠኙም ቅጠል በቦታው አለ» አለ። «ሁሉም እርጥብ ነው።»

«እንግዲያማ ሕክምናው ትክክል ነበር» ሲል ኤሊ ፈረደ። «ጥፋቱ የታማሚው ነው።»

ሙክቱ በሥራ ላይ ላሳየው ጽናት አሥረኛ ቅጠል ተሸለመ። ጆሮው ውስጥ ቦታ ስላልነበረ፣ ላቱ በነበረበት ሰኩለት። አያ ጅቦ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ተባረረ።

ሊያይ የወጣው እንስሳ የወንዙን ዳርቻ ሞላው። እመት አህያም መጥታ ከዳር ቆመች። አያ ጅቦ አንድ እግሩን ውኃው ውስጥ ከትቶ ወደ እሷ ዞረ። ፀጉሩ እንደ ቆመ ነበር።

«እመት፣ ርቦኛል» አላት።

«እንዳትመልሺ!» ብሎ ጮኸ በቀቀን። «ቅጠል የለሽም!»

እመት አህያ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ቀስ ብላ ወደ ጅቡ አዞረች።

«ሰምቼሃለሁ፣ አያ ጅቦ።»

ፀጉሩ ተኛ። ወንዙን እስከ ወገቡ ገብቶ ካጋመሰው በኋላ ወደ ጉባኤው ዞሮ እንዲህ አለ፦

«እኔ አንድ ላት በልቼ ተባረርሁ። የጫካውን ጆሮ የበሉት ግን ተቀምጠው ይፈርዳሉ።»

«ምን አለ?» ሲል ኤሊ በቀቀንን ጠየቀ።

«አመሰገነ» አለ በቀቀን፤ ጻፈውም።